ሐኪም ሳትሆኑ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል ለመሆን

ሐኪም አይደላችሁም። ነርስም አይደላችሁም። አስተማሪ፣ ጠበቃ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ ወይም የዕድር ዳኛ ናችሁ እንበል። በሰው ላይ የሚደረግ የጤና ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሚገመግመው ኮሚቴ፣ ብዙ ሰው አይ አር ቢ የሚለው፣ እናንተንም ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የክሊኒካል ሙከራ መመሪያ እንደሚለው ኮሚቴው ቢያንስ አምስት አባላት ይኖሩታል፤ ቢያንስ አንዱ ሙያው ከሕክምና ሳይንስ ውጭ መሆን አለበት፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው።

ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ። አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሁሉም የየራሳቸው ገምጋሚ ኮሚቴ አላቸው። ቅርባችሁ ወዳለው ሄዳችሁ የኮሚቴውን ጸሐፊ ጠይቁ፣ ሲቪያችሁንና አንድ ገጽ ደብዳቤ ስጡ። ደብዳቤው ላይ ስለ ዲግሪያችሁ ብዙ አታውሩ። የምታውቁትን ማኅበረሰብ ጻፉ። አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ ወይም አፋርኛ አቀላጥፋችሁ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ እሱን ከሁሉም አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ለተሳታፊዎች የሚነበበው ወረቀት በነዚህ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ሲመጣ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው ጠረጴዛው ዙሪያ ላይኖር ይችላል።

ክፍያውንና ጊዜውን ከመጀመሪያው ጠይቁ። ሥራው በጎ ፈቃድ ነው፤ ከትራንስፖርት ያለፈ ነገር አትጠብቁ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ በወር አንዴ ነው፣ ግን ድካሙ ያለው አጥኚዎች የሚያቀርቡትን የጥናት ዕቅድ (ፕሮፖዛል) ማንበቡ ላይ ነው። ወረቀቱን ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ አገላብጠዋለሁ የሚል ሰው ባይገባበት ይሻላል። ከመጀመራችሁ በፊት በኦንላይን በነፃ ከሚሰጡት የምርምር ሥነ ምግባር ኮርሶች አንዱን ጨርሱ፣ ሰርተፊኬትም ታገኙበታላችሁ። የተስኪጊን ታሪክም እዚያው ታገኙታላችሁ። በአሜሪካ አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው ድሃ ጥቁር ወንዶች «መጥፎ ደም አለባችሁ» እየተባሉ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ሳይታከሙ ክትትል ብቻ ተደረገባቸው፣ ፔኒሲሊን በሽታውን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ። ይህን ያነበበ ሰው «ኮሚቴው ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ፕሮፖዛሉ ሲደርሳችሁ ከመጀመሪያው ገጽ አትነሱ። መጨረሻ አካባቢ ያለውን የተሳታፊ መረጃና የስምምነት ቅጽ አውጡና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ለራሳችሁ ብቻ፤ ወረቀቱ ምስጢር ስለሆነ ለጎረቤትም ለትዳር ጓደኛም አይታይም። እንዲህ ዓይነት ነገር ታገኛላችሁ፦ «በዘፈቀደ የናሙና አወሳሰድ ዘዴ ስለተመረጡ 10 ሚሊ ሊትር የደም ናሙና ይወሰዳል። በመሳተፍዎ የሚደርስብዎ ምንም ዓይነት ጉዳት የለም።»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዋን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር «የናሙና አወሳሰድ ዘዴ» ምን ይነግራታል? በዕጣ ደርሶዎት ነው ቢባል ይገባታል። 10 ሚሊ ሊትርም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው ተብሎ ይጻፍላት። «ምንም ጉዳት የለም» የሚለው ደግሞ እውነት አይደለም፤ መርፌ ያማል፣ ቦታው ሊበልዝ ይችላል፣ አንዳንድ ሰው ያዞረዋል። ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም ይነገር። ደሟ ለምን እንደሚመረመር፣ ትርፉ ይጣል ይቀመጥ፣ ውጭ አገር ይላክ አይላክ፣ ውጤቱን ማን እንደሚነግራት ቅጹ ላይ ካላገኛችሁ ጻፉት።

ከሁሉም በላይ እምቢ ማለት ትችል እንደሆነ እዩ። «ያለመሳተፍ መብትዎ የተጠበቀ ነው» የሚለው በየቅጹ አለ፣ እሱ ብቻ አይበቃም። እኛ አገር ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት ከባድ ነው። ይሉኝታ አለ፣ ካርዴን ቢያስቀሩብኝስ የሚል ፍርሃትም አለ። ስለዚህ ፈቃዷን የሚጠይቃት ማነው? የሚያክማት ሐኪም ራሱ ከሆነ ሌላ ሰው ይጠይቃት በሉ። ማንበብ ለማትችል ሴት አውራ ጣት ሲታተም ምስክር የሚሆነው ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ሰው ይሁን። የቀበሌ ሊቀመንበር ወይም የአገር ሽማግሌ ፈቀደ ማለትም እሷ ፈቀደች ማለት አይደለም።

ገንዘቡንም ተመልከቱ። የቀን ሥራውን ትቶ ለመጣ ሰው የታክሲ ብቻ መስጠት ግፍ ነው። በሌላ በኩል ብሩ በዝቶ ሰው ጉዳቱን ሳያስብ የሚፈርምበት ከሆነም ያው ነው። ትክክለኛው መጠን ስንት ነው የሚለውን ከፕሮፌሰሩ ይልቅ የአካባቢውን የቀን ገቢ የምታውቁት እናንተ ትመልሱታላችሁ።

አንድ ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም ጉዳት ሲባል ብዙ ሰው ሰውነትን ብቻ ያስባል። ወላይታ ውስጥ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ሰው ዝሆኔ የሚለውን፣ በዘር በኩል ለማጥናት ሲታሰብ ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ሕዝቡን ጠየቁ። ፍርሃቱ መርፌው ብቻ አልነበረም። በሽታው በዘር ይወርዳል የሚለው ወሬ በጥናቱ ሰበብ ቢጠነክር በታማሚ ቤተሰቦች ላይ ያለው መገለል እንዳይብስ ተሰግቶ ነበር። የዚያ ቤት ልጅ ማን ያገባታል? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ኮሚቴ ውስጥ ለማንሳት ሰፈሩን ማወቅ እንጂ የሕክምና ዲግሪ አያስፈልግም።

ስብሰባው ላይ «ይቅርታ፣ እኔ እንኳ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን...» ብላችሁ አትጀምሩ። «ይህ አልገባኝም» በቂ ነው። ለእናንተ ካልገባ ለተሳታፊውም አይገባም። ስታስቲክሱን ለሚያውቁት ተዉላቸው። አጥኚው ዘመዳችሁ ወይም አለቃችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩና ውይይቱ ሲጀመር ውጡ። «ልጁ መመረቂያው ደርሷል፣ እናሳልፍለት» የሚል ልመናም ይመጣል። ልጁ ያሳዝናል፣ እኔንም ያሳዝነኛል፣ ነገር ግን የእሱ ምረቃና የተሳታፊዋ ደኅንነት ለድርድር አይቀርቡም። መረጃ ሰብስቦ ጨርሶ ለማኅተም ብቻ የመጣ ከሆነማ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሰጥ ፈቃድ የለም።

ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ይጽደቅ፣ ተስተካክሎ ይጽደቅ፣ እንደገና ይቅረብ ወይም ውድቅ ይሁን ነው። በአብላጫ ድምፅ ከተሸነፋችሁ የተለየ ሐሳባችሁ ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ማስተካከያ ስትጠይቁም «ቋንቋው ይቅለል» ብላችሁ አትተዉት፣ ዓረፍተ ነገሩን ራሳችሁ አርማችሁ ስጡ።

ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ሥራው አላለቀም። ፈቃዱ ጊዜ አለው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት። አጥኚው የጥናቱን አካሄድ ሲቀይር አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ሰው ሲጎዳበት ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ያጸደቃችኋቸውን ጥናቶች ርዕስና ቀን ማስታወሻ ላይ ያዙ፣ ድምፁ የጠፋ ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ይያዝልኝ በሉ።