ዊኪፔዲያን ማረም እንዴት ይጀመራል? ከቱሉ ዲምቱ ለጀማሪዎች

የመጀመሪያ እርማቴ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። የጻፍኩት ስለ አቃቂ ወንዝ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ልጅ ሳሉ ወንዙ ውስጥ ይዋኙ፣ ከብትም ያጠጡበት እንደነበር ደጋግመው ሲያወሩ እሰማ ስለነበር፣ አንድ ማታ ስልኬን ይዤ የሰማሁትን እንዳለ ጻፍኩት። የማላውቀው ሰው መጥቶ ከገጹ ላይ አነሳው። ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው «ምንጭ የለውም» የሚል ብቻ ነበር። ተናደድኩና መልሼ ጻፍኩት፤ እሱም መልሶ አነሳው። በማግስቱ ለሽማግሌው ስነግራቸው «ታዲያ እኔ ምንጭ አይደለሁም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ደንቡን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

ዊኪፔዲያ በጥር 2001 እ.ኤ.አ. በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። እንግሊዝኛው 7 ሚሊዮን ገደማ መጣጥፍ ሲኖረው አማርኛው (እዚያ ላይ «ውክፔዲያ» ተብሎ ነው የሚጻፈው) ያለው 15 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ አማርኛው ላይ የምትጽፉት አንድ አንቀጽ፣ አንድ ተማሪ ስለዚያ ጉዳይ በቋንቋው ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ብቸኛው ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ስህተት ብትጽፉም የሚያገኘው ያንኑ ስህተት ነው።

1. መለያ ክፈቱ

ኮምፒውተር የግድ አይደለም፤ የአማርኛ ኪቦርድ ያለው ስልክ ይበቃል። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ትመርጣላችሁ። እውነተኛ ስማችሁን መስጠት አይጠበቅባችሁም። የድርጅት ስም ግን አትጠቀሙ፤ አንድን መለያም ለሁለት ለሦስት ሰው አትጋሩት። ኢሜይል ማስገባት ግዴታ ባይሆንም አስገቡ፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋባችሁ መለያችሁን የምታስመልሱት በእሱ ነው።

ወደ መለያ ሳይገቡ ማረምም የሚቻልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በስልክ ዳታ የምንጠቀም ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድን የኔትዎርክ አድራሻ እንጋራለን። ሌላ ሰው በዚያው አድራሻ አበላሽቶ ከታገደ እገዳው እናንተንም ሊነካችሁ ይችላል። እንግሊዝኛው ላይ ደግሞ አንዳንድ የተጠበቁ ገጾችን ለማረም መለያው ቢያንስ 4 ቀን የቆየና 10 እርማት የሠራ መሆን አለበት።

2. በትንሹ ጀምሩ

መጀመሪያ አንድ የምታውቁት ገጽ ክፈቱና አንባቢ ሆናችሁ አንብቡት። የፊደል ግድፈት አለ? በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ተመትቷል? እሱን አስተካክሉ። «አርም» የሚለውን ትነካላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ፣ ከማስቀመጣችሁ በፊት ቅድመ እይታውን ታያላችሁ፣ ከዚያ ምን እንደሠራችሁ በአጭሩ ትጽፋላችሁ፦ «የፊደል ግድፈት ታረመ» ወይም «ዓመቱ ተስተካከለ፣ ምንጭ ተጨመረ»። ይህችን አጭር ማስታወሻ አትዝለሏት። ገጹን የሚከታተለው ሰው ፊታችሁን አያይም፤ በቅን ልቦና መምጣታችሁን የምትነግረው እሷ ናት።

ከገጹ ጋር «ታሪክ» የሚባል ክፍል አለ። ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ የተደረገ እያንዳንዱ ለውጥ፣ ማን እንደሠራውና መቼ እንደሠራው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ስለዚህ አበላሻለሁ ብላችሁ አትፍሩ፤ የተበላሸ ነገር በአንድ ንክኪ ወደነበረበት ይመለሳል።

3. አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ፈልጉ

እኔ ስለምኖርበት ሰፈር ገጽ ልከፍት «ቱሉ ዲምቱ» ብዬ ስፈልግ ያገኘሁት የባሌውን ተራራ ነው፤ ከፍታው 4,377 ሜትር። ስሙ በአፋን ኦሮሞ ቀይ ኮረብታ እንደማለት ነው፤ ቀይ ኮረብታ ደግሞ በአገሩ ብዙ አለ። በተራራው ገጽ ላይ ስለ ኮንዶሚኒየምና ስለ ታክሲ ብጨምር ሁለቱም ይበላሻሉ። መፍትሔው ለሰፈሩ የተለየ ርዕስ መስጠት ነው፦ «ቱሉ ዲምቱ (አዲስ አበባ)»። ከዚያ አንባቢው የሚፈልገውን እንዲመርጥ ሁለቱንም የሚያመለክት አንድ ገጽ ይዘጋጃል።

ሌላው የአማርኛ ፊደል ጉዳይ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «ፀሐይ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አለ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። ስለዚህ ገጹ የለም ከማለታችሁ በፊት በሁሉም አጻጻፍ ፈልጉ። ከሌለ አንዱን መርጣችሁ ክፈቱ፤ ከሌሎቹ አጻጻፎች ወደ እሱ የሚወስዱ መምሪያ ገጾችም ሥሩ። ይህን ባለማድረግ ስለ አንድ ነገር ሁለት ግማሽ ገጽ ተጽፎ አይቻለሁ። ደራሲዎቹ አንዳቸው የሌላውን መኖር አያውቁም።

4. ምንጭ

የሁሉም ደንብ ሥር ይህ ነው። ዊኪፔዲያ ላይ የሚጻፈው ማንኛውም አንባቢ በራሱ ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ለአዛውንቱ ጥያቄም መልሱ እዚህ ላይ ነው። ቃላቸው ስላልታመነ አይደለም የተነሳው። ጎንደር ያለ አንባቢ በራቸውን አንኳኩቶ «አባባ፣ እውነት ነው?» ብሎ ሊጠይቃቸው ስለማይችል ነው። ኢንሳይክሎፒዲያው የራሱን ምርመራ አያደርግም፤ ቀድሞ የታተመውን ያሰባስባል።

ይህ ደንብ ለእኛ ከባድ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም። የእኛ ታሪክ ብዙው ያለው በሰው አፍ ነው። ደንቡ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ደንቡ ባይኖር ኖሮ የእኔ ጎረቤት እውነትና የሌላው ሰው ፈጠራ አንድ ገጽ ላይ እኩል ተቀምጠው የሚለያቸው ሰው አይገኝም ነበር። ማድረግ የሚገባን የሽማግሌዎቹን ቃል አስቀድሞ ወደ ኅትመት ማድረስ ነው፤ በጋዜጣ ቃለ ምልልስ፣ በመጽሐፍ ወይም በዩኒቨርሲቲ ጥናት። አንዴ ከታተመ በኋላ ወደ ዊኪፔዲያ ይገባል።

ጥሩ ምንጭ የሚባለው ኃላፊነቱን የሚወስድ አዘጋጅ ያየው ጽሑፍ ነው፦ መጽሐፍ፣ የጥናት መጽሔት፣ ጋዜጣ፣ የመንግሥት ስታቲስቲክስ። የፌስቡክ ጽሑፍ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ ሌላ የዊኪፔዲያ ገጽ ምንጭ አይሆኑም። ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች መንገዱ ቢረዝምም ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት)፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አሉ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣ ጋዜጣ ነው፤ ስለ አንድ ሰፈር ድልድይ ወይም ፋብሪካ ስትፈልጉ የድሮ ዕትሞቹን ማገላበጥ ዋጋ አለው።

ምንጩን ስትጠቅሱ የጸሐፊውን ስም፣ ርዕሱን፣ የታተመበትን ቦታና ቀን፣ ገጹን ጻፉ። በምትጽፉበት ሳጥን ላይ የማጣቀሻ ምልክት አለ፤ እሱን ነክታችሁ ስትሞሉት በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንሽ ቁጥር ትቀመጣለች። «ከመጽሐፍ የተወሰደ» ማለት ምንጭ መጥቀስ አይደለም። የትኛው መጽሐፍ? ገጽ ስንት?

የሕዝብ ብዛት ስትጽፉ ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ ቁጥር ዛሬ እንደተቆጠረ አድርጎ ማስቀመጥ፣ በተለይ እንደኛ ከዚያ ወዲህ ለተገነባ ሰፈር፣ ፈጽሞ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

5. ዓመተ ምሕረቱን ሁለቴ ቁጠሩ

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ነው። ብዙ ሰው ከፈረንጁ ዓመት ላይ 8 ይቀንስና ያልፋል። ከፈረንጆቹ ጥር 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ድረስ 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ መጨረሻ ግን 7 ነው።

ቅርብ ምሳሌ ልስጥ። ከሰፈራችን የሚነሳው የአዲስ አበባ - አዳማ ፈጣን መንገድ የተመረቀው በፈረንጆች መስከረም 14፣ 2014 ነው። 8 ብትቀንሱ 2006 ይመጣል፤ ትክክለኛው ግን መስከረም 4፣ 2007 ዓ.ም. ነው። አሁን ደግሞ ሻምበል አበበ ቢቂላን ተመልከቱ። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው በፈረንጆች መስከረም 10፣ 1960 ነው። ወሩን አይቶ 7 የቀነሰ ሰው 1953 ብሎ ይጽፋል። ያ ቀን ግን ጳጉሜ 5፣ 1952 ነበር፤ ዘመን ሊለወጥ አንድ ሌሊት ቀርቶት ነው። በቀን መለወጫ አረጋግጡ፣ ከዓመቱ ቀጥሎም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ መጻፍ አትርሱ። ምልክት የሌለው ዓመት ቀጣዩን አራሚ ያሳስታል።

6. ከየትም ወገን ሳትሆኑ ጻፉ

«አቃቂ ወንዝ እንዲህ ሆኖ ሲበከል ሁሉም ዝም ብሎ ያያል» ብዬ ጽፌ ነበር። ስሜቴ እውነት ነው፤ በድልድዩ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ኢንሳይክሎፒዲያው ውስጥ ግን የሚቀመጠው እንዲህ ነው፦ «ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ገብተው በኋላ [[አዋሽ ወንዝ|አዋሽን]] ይቀላቀላሉ። ጥናቶች በወንዞቹ ውስጥ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ብክለት መኖሩን አሳይተዋል»፤ ከዚያም የጥናቶቹ ማጣቀሻ። አንባቢው ማስረጃውን አይቶ ራሱ ይቆጣል። በሁለት ካሬ ቅንፍ መካከል ያለውን አስተውሉ፤ ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግር አገናኝ የሚሠራው እንደዚያ ነው።

«ታላቁ»፣ «ዝነኛው»፣ «ተወዳጁ» የሚሉትን አውጡ። ስለ ራሳችሁ፣ ስለ ዘመዳችሁ፣ ስለምትሠሩበት ድርጅት አትጻፉ፤ ተከፍሏችሁ ከሆነ መግለጽ ግዴታ ነው። በሕይወት ስላለ ሰው ምንጭ የሌለው ክፉ ነገር ካያችሁ ክርክር ሳትጠብቁ አንሱት።

አንቱታን በተመለከተ «ተወለደ» ይሁን «ተወለዱ» በሚለው ጸሐፊዎች አይስማሙም። እኔ ገጹ የጀመረበትን እቀጥላለሁ። አንድ አንቀጽ ላይ «እሱ»፣ ቀጥሎ «እሳቸው» ማለት ግን አንባቢውን ሁለት ሰው ያለ ያስመስልበታል።

7. አትቅዱ

ከጋዜጣም ከድረ ገጽም አንቀጽ አንስታችሁ አትለጥፉ፤ አንብባችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። እናንተ የምትጽፉት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለሚወጣ ሌላው ሰው ስማችሁን ጠቅሶ ሊጠቀምበት ይችላል። ከእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ መተርጎም ይፈቀዳል፤ ከየትኛው ገጽ እንደተረጎማችሁ በማስታወሻው ላይ ጻፉ። የማሽን ትርጉም እንዳለ መለጠፍ ግን አማርኛውን ይጎዳዋል። ፎቶ ካስፈለገ ራሳችሁ አንሱ።

8. ጽሑፋችሁ ሲነሳባችሁ

ይነሳባችኋል፤ ያልተነሳበት አራሚ የለም። መልሳችሁ አትጻፉት። እንግሊዝኛው ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌሎችን ሥራ የቀለበሰ ሰው ሊታገድ ይችላል፤ ልክ ቢሆንም እንኳ። ከገጹ ጋር ያለውን «ውይይት» ክፈቱና በትሕትና ጠይቁ፤ መጨረሻው ላይ አራት የሞገድ ምልክት ~~~~ ምቱ፤ ሲቀመጥ ስማችሁና ሰዓቱ በራሱ ይገባል። ስለ ጽሑፉ ተናገሩ፣ ስለ ሰውየው አትናገሩ። ከዚያ ጠብቁ፤ አማርኛው ላይ ሰው ጥቂት ስለሆነ መልስ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

እኔም በመጨረሻ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። «ወንድሜ፣ የአቃቂን ነገር ለምን እንዳነሳኸው ገብቶኛል፤ ምን ዓይነት ምንጭ ላምጣ?» ብዬ ጻፍኩለት። በሦስተኛው ቀን ረጅም መልስ ሰጠኝ፤ በነጻ የሚነበቡ ሁለት ጥናቶችም ጠቆመኝ። አንቀጹን አብረን ሠራነው። ወንዙ ውስጥ ይዋኝ እንደነበር የሚያወራው ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ገብቷል፤ ከጎኑ ግን «ምንጭ ያስፈልጋል» የሚል ምልክት አለበት፤ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ምንጭ እስኪገኝለት የሚታገሠው ለጥቂት ጊዜ ነው። ሽማግሌው በልጅነታቸው ስለ ወንዙ ዋናተኞች አንድ ጋዜጣ ጽፎ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ ዓመቱን ግን እርግጠኛ አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት ወመዘክር እሄዳለሁ።