800 ሰው ጁፒተርን አላየም፦ የሰማይ ምልከታ ምሽትን ስንገመግም የምንሠራቸው ስህተቶች

በቅርቡ አንድ የወጣቶች ቡድን ያዘጋጀው የሰማይ ምልከታ ምሽት ሪፖርት ደረሰኝ። «በሁለት ሰዓት ውስጥ 800 ሰው ጁፒተርን በቴሌስኮፕ ተመለከተ» ይላል። ቴሌስኮፑ አንድ ብቻ ነው። ወረቀት አውጥቼ አካፈልኩት፤ ለአንድ ሰው 9 ሰከንድ ደረሰው። በ9 ሰከንድ አንዲት እናት ነጠላዋን ሰብስባ ጎንበስ ብላ እንኳ አትጨርስም። ልጅ አንስቶ ማሳየት ደግሞ የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ብንሰጥ፣ ሰልፉ ለአፍታም ሳይቋረጥ፣ ማየት የሚችሉት 240 ናቸው። የቀሩት 560ዎቹ በበሩ ገብተዋል፣ ሻይ ጠጥተዋል፣ ፎቶ ተነሥተዋል። ጁፒተርን ግን አላዩም።

ወጣቶቹን አልቆጣቸውም፤ ስፖንሰሩ የጠየቀው «ስንት ሰው መጣ?» ብቻ ነው። ነገር ግን በበሩ የገባውንና ዓይኑን ሌንሱ ላይ ያስጠጋውን ለየብቻ ቁጠሩ። ሁለት ሰው፣ ሁለት የመቁጠሪያ መሣሪያ፤ ሌላ ወጪ የለውም።

ዓይኑን ያስጠጋ ሁሉ አየ ማለትም አይደለም። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሳተርንን እናሳይ ነበር። ቴሌስኮፓችን በእጅ የሚገፋ እንጂ ሰማዩን የሚከተል ሞተር ያለው አልነበረም። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በየደቂቃው ሩብ ዲግሪ ይሸሻል። 150 ጊዜ በሚያጎላ ተራ ሌንስ ሳተርንን መሃል ላይ ብታስቀምጡት 40 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ከእይታ ይወጣል። የመጀመሪያው ሰው ያያል፤ ሁለተኛው ጠርዝ ላይ ይደርስበታል፤ ለሦስተኛው የሚተርፈው ባዶ ጥቁር ክብ ነው። እኔ ደግሞ የክብር እንግዳ ሳስተናግድ ቴሌስኮፑን ረስቼዋለሁ።

አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ አይታ ስትመለስ «አየሽው?» አልኳት። «አዎ።» «ያምራል?» «በጣም!» ያዩትን እንዲሥሉ ወረቀት አዘጋጅተን ስለነበር እርሳስ ሰጠኋት። አንድ ክብ ሠራችና እርሳሱን መለሰችልኝ። «ቀለበቱስ?» ስላት ጫማዋን እያየች «ከኋላዬ ብዙ ሰው ነበር» አለችኝ። ሄጄ ባይ ሌንሱ ውስጥ ምንም የለም። ከእሷ በፊት ስንቱ «በጣም ያምራል» ብሎኝ እንዳለፈ አላውቅም፤ ሁሉንም ግን «ያዩ» ብዬ መዝግቤያለሁ።

ስለዚህ «አያችሁ?» አትበሉ፤ «ምን አያችሁ?» በሉ። «ጆሮ ያለው ኮከብ» ያላችሁ ሰው ቀለበቱን በእርግጥ አይቷል።

የአስተያየት ቅጹም ከይሉኝታ አያመልጥም። ሰው ቤት ተጋብዞ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» የሚል ማን አለ? እናንተም በነጻ ያሳያችሁትን ሰው፣ ያውም የቡድኑን ቲሸርት ለብሳችሁ፣ «ከ1 እስከ 5 ስንት ትሰጡናላችሁ?» ስትሉት 5 ይሰጣችኋል፣ ይመርቃችኋል። ቲሸርቱን ያልለበሰ ሰው ይጠይቅ። ጥያቄውም «የትኛው ክፍል አሰለቸዎት?» ይሁን። ሰልፉ አታክቷቸው የሄዱትን ደግሞ በር ላይ ያዟቸው፤ እስከ መጨረሻ የቆየ ሰው የእነሱን ቅሬታ አይነግራችሁም።

ቅጹን ቴሌስኮፑ አጠገብ በስልክ መብራት አታስሞሉ። ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ነጭ መብራት የሰልፉን ሁሉ ልፋት ገደል ይከተዋል። መውጫው ላይ፣ ቀይ ፕላስቲክ በተጠቀለለበት ባትሪ።

ፎቶ ማስረጃ አይደለም።

ግብን ከዝግጅቱ በኋላ መጻፍም የተለመደ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሲታይ የኮሮና ወረርሽኝ ነበር፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። በዚያ ቀን የተሰብሳቢ ብዛት መለኪያ ሊሆን አይችልም። መጠየቅ የነበረበት ስንቱ በግርዶሽ መነጽር ወይም በወረቀት ቀዳዳ አልፎ መሬት ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ምስል እያየ፣ ዓይኑን ሳይጎዳ ተመለከተ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ አስቀድሞ ካልታሰበ ከግርዶሹ በኋላ አይሰበሰብም።

ደመናን እንደ ውድቀት መቁጠርም አለ። አንድ ምሽት ሰማዩ ሳይገለጥልን ቀረ። ተስፋ ቆርጠው ያልሄዱት ጥቂት ሰዎች ዙሪያችንን ከብበው ስለ ቬነስ ስናወራ አመሸን፤ በማግስቱ «አልተሳካም» ብዬ ጻፍኩ። ከወር በኋላ ለተሳታፊዎች ስደውል ዝርዝሩ ውስጥ ያልነበሩ ሰው ስልኩን ከአንዱ ተቀብለው አናገሩኝ። የግቢው ጥበቃ ናቸው፤ በዚያ ምሽት በር ላይ ሆነው ሰው የቆጠሩልን እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸውን የቆጠረ ግን አልነበረም።

«ልጄ፣ ማታ ማታ በምዕራብ በኩል የምትታየዋ ደማቋ ቬነስ ናት ብላችሁን ነበር። በየቀኑ ሳያት ነበር፤ ከሰሞኑ ግን ጠፋችብኝ። የት ሄደች?»

«ወደ ፀሐይ ተጠግታ ነው ጋሼ። ትንሽ ቀን ይታገሡና ሳይነጋ በምሥራቅ በኩል ይፈልጓት» አልኳቸው።