በካራቫን ጉዞ የሲሊንደር ጋዝ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ቫልቩ መከፈቱንና ሬጉላተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው መሣሪያ) በትክክል መግባቱን አንባቢ አስቀድሞ አይቷል ብዬ፣ በካራቫን፣ ማለትም ማደሪያና ማብሰያ ባለው ተሽከርካሪ፣ ስጓዝ በጎጃም መንገዶች ላይ ደጋግሜ ያስተካከልኋቸውን ብልሽቶች ብቻ እጽፋለሁ።

ነበልባሉ ማለዳ ሲደክም

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ማታ በደንብ ሲነድ ያመሸ ምድጃ፣ በጮቄ ተራራ ላይ ከታደረ በኋላ ንጋት ላይ ጭል ጭል ይላል፤ ባለቤቱም ጋዙ አለቀ ብሎ ሲሊንደሩን ለመቀየር ይነሣል። ነገር ግን ጋዙ አላለቀም። ምድጃው የሚያነደው ከፈሳሹ የሚተነውን ጋዝ ሲሆን፣ በሲሊንደር ከሚሞሉት ሁለት የጋዝ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቡቴን ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጮቄ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ ፕሮፔን፣ ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። ጋዙ በተነነ ቁጥር የቀረውን ፈሳሽ ይበልጥ ስለሚያቀዘቅዘው፣ ሁለት ምድጃ በአንድ ጊዜ ሲለኮስ በሲሊንደሩ ሆድ ላይ አመዳይ ሊይዝ ይችላል።

ማረጋገጫው ሚዛን ነው። በሲሊንደሩ አንገት ላይ የተቀረጸውን የባዶ ክብደት ከተመዘነው ላይ ቀንሱ፤ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገበያ የእህል ሚዛን አይጠፋም። ይህን ሳያደርግ ግማሽ ያህል ጋዝ የያዘ ሲሊንደር በባዶ ዋጋ ደብረ ማርቆስ ላይ አስረክቦ የሄደ መንገደኛ አይቻለሁ። ከዚያ የባሰው፣ ሲሊንደሩን ለማሞቅ የከሰል ማንደጃ ያስጠጋ ሾፌር ነበር፤ ደርሰን እሳቱን አነሣንለት። ይህ አብሮት ያደሩትን ሁሉ ሊፈጅ የሚችል ሥራ ነው፤ በምንም ምክንያት አታድርጉት። ሲሊንደሩን ማጋደምም ፈሳሹን ወደ ሬጉላተሩ ስለሚልክ ነበልባሉ በድንገት ይንቦገቦጋል።

መፍትሄው ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጎ እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ ማቆም፣ አንድ ምድጃ ብቻ መለኮስና የማለዳውን ውሃ ማታ አፍልቶ በፔርሙስ ማሳደር ነው። ፕሮፔን የሚበዛበት ጋዝ ከተገኘ ለደጋው እርሱን ውሰዱ። ምድጃውን ክፍል ለማሞቅ አብርቶ መተኛት ግን በመርዛማ ጭስ ይገድላል።

ሽታ ሲኖር

የጠጠር መንገድ ንቅናቄ የቱቦውን ማሰሪያ ያላላል። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እያፈሰሰ ነው፤ ክብሪት ከቶ አትጫሩ። ለጋዝ ያልተሠራ ርካሽ የውሃ ቱቦ የሚሸጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ጋዙ ጎማውን ሲያደርቀው ይሰነጠቃልና፣ የተሰነጠቀውን በፕላስተር ሳትጠግኑ ቀይሩት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የወለሉን የአየር መውጫ በምንጣፍም ሆነ በሻንጣ አትድፈኑ።

ነበልባሉ ቢጫ ሲሆን

የጋዝ መውጫዋን ቀዳዳ አቧራ ደፍኖት ይሆናል፤ በመርፌ ሳትወጉ በአየር ንፉ።

ሬጉላተሩ ሲያፏጭ

አይጠገንም፤ ይቀየራል።

ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችሁ በፊት ደጀን ላይ ቫልቩን ዝጉ፤ ፈሳሹ በሙቀት ስለሚለጠጥ ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ከዚያ በላይ የሞላላችሁን ነጋዴ ሲሊንደሩን መልሱለት።