ጀልባ ወይም ካራቫን የሚጎትት መኪናን ወደ ጋዝ መቀየር ያዋጣል?

እዚህ ጋዝ የምንለው እንደ ቡታጋዝ ያለውን፣ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ የሚሞላውን (LPG) ነው። መጀመሪያ ሊብሬውን ይመልከቱ። ናፍጣ ከሆነ ነገሩን ይተዉት፤ የናፍጣ ሞተር ጋዝ የሚለኩስ ካንዴላ የለውም፣ ቢበዛ ጋዙን ከናፍጣው ጋር በጥቂቱ መቀላቀል ነው። ከዚህ በታች ያለው ለቤንዚን መኪና ነው።

ቀጥሎ መሙያውን ያረጋግጡ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ለመኪና በሊትር የሚሞላ ታማኝ ቦታ በእጅዎ ከሌለ ገንዘብ አያውጡ። «የወጥ ቤቱን ቡታጋዝ እናስረዋለን» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ። የወጥ ቤት ሲሊንደር ከላይ የሚሰጠው ትነት ነው፤ መኪና የሚፈልገው ከታች የሚቀዳ ፈሳሽ ነው። ትነቱን በብዛት ሲስቡት ሲሊንደሩ ይበርዳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይቆማል። ደግሞም 80 በመቶ ላይ መሙላት የሚያቆም ቫልቭ የለውም፤ ጢም ያለ ሲሊንደር ፀሐይ ላይ ሲውል ጋዙ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን የሚሠራውን ለመሥራት 1.25 ሊትር፣ ማለትም 0.7 ኪሎ ገደማ ጋዝ ይፈጃል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ የአንድ ሊትር ቤንዚንን 1.4 እጥፍ ከደረሰ ትርፍ የለም። ከዚያ ካነሰ በኪሎ ሜትር የሚተርፈውን አውጥተው የመቀየሪያውን ወጪ ለእሱ ያካፍሉት፤ የሚያገኙት ወጪው የሚመለስበት ኪሎ ሜትር ነው። በዓመት ለጥምቀት ጎንደር ደርሶ የሚመለስ፣ ሌላውን ጊዜ ቆሞ የሚከርም መኪና ወጪውን አይመልስም።

ርቀቱንም ያስሉ። 70 ሊትር ሲሊንደር እስከ 80 በመቶ ብቻ ስለሚሞላ የሚይዘው 56 ሊትር ነው። ሲጎትት በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ቤንዚን የሚበላ መኪና 17.5 ሊትር ጋዝ ይበላል፤ ስለዚህ 320 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ደርሶ መልሱን አይሸፍንም፣ የመጨረሻው በቤንዚን ነው።

ጉልበት ላይ ቸል አይበሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ያጣል። አሮጌው በሚክሰር፣ ማለትም ጋዙን በአየር መግቢያው ላይ ከአየር ጋር በሚቀላቅል ዕቃ፣ የሚሠራው ዓይነት ከዚያ ላይ ሌላ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ በኢንጀክተር የሚሠራው በጣም ያነሰ። አሁን በቤንዚን ተሳቢ ይዞ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ሲያልፍ አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስት መኪና በጋዝ አይሻለውም።

ትልቁ ጉዳት ግን ከቫልቭ መቀመጫ፣ ማለትም የሞተሩ ቫልቭ ሲዘጋ ከሚያርፍበት ቀለበት ይመጣል። ጋዝ ደረቅ ሆኖ ስለሚነድ ቤንዚን የሚያደርገውን ማቀዝቀዝ አያደርግም፤ ጭነት ሲበዛ መቀመጫው ይበላል፣ የቫልቩ ክፍተት ይጠፋል፣ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል፣ ካልታረመ ቴስታታ ይወርዳል። ይህን የሚያባብሰው ጋራዦች የጋዙን መጠን ባዶ መኪና ላይ ማስተካከላቸው ነው፤ ሸክም ሲመጣ ጋዙ ያንሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ማስተካከያው ተሳቢው ተያይዞ ዳገት ላይ ይሠራ። ፈሳሹን ጋዝ ወደ ትነት የሚቀይረው የግፊት መቀነሻ አቅም ከሞተሩ ኪሎዋት ቢያንስ 20 በመቶ ይብለጥ፤ የሚሞቀው በራዲያተር ውኃ ስለሆነ ውኃው ከጎደለ በረዶ ይሠራል። ካንዴላው አዲስ፣ ክፍተቱ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ረጅም አቀበት ላይ ወደ ቤንዚን መመለስ ቀላሉ መድኃኒት ነው። የቫልቭ ክፍተት በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ይለካ።

ክብደት፦ ሙሉ ሲሊንደር ከ60 ኪሎ ይበልጣል። ከኋላ አክስል ጀርባ፣ በትርፍ ጎማው ቦታ ከተቀመጠ ከተሳቢው ጫና ጋር ተደምሮ ኋላውን ይጭናል፣ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይንሳፈፋል። ከአክስሉ ፊት ቦታ ከሌለ ተሳቢው ላይ ያለውን ጭነት መቀነስ ይኖርብዎታል።

ከመወሰንዎ በፊት መንገድ ትራንስፖርትንና ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ፤ ቦሎ ሲደርስ ከሚነገርዎት ይሻላል። ከተቀየረ በኋላ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። ጋዝ ከአየር ይከብዳልና የሚያሾልክ መኪና ጉድጓድ ላይ ወይም በተዘጋ ጋራዥ አይቁም።