የባንድ መሪ ሳጥን ሲከፈት፦ ዘንጉን፣ ኖታውንና ትራምፔቱን ለሙዚየም ማዘጋጀት

የኦርኬስትራ መሪ ሲያርፍ በቤተሰቡ እጅ የሚቀረው ብዙ ጊዜ አንድ ሳጥን ነው፦ የመምሪያ ዘንግ፣ በእርሳስ የተሞላ ኖታ፣ ሸክላ፣ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም የተጨረማመተ ትራምፔት። ሳጥኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። መወልወሉም መጠገኑም ይቆይ። በዘንጉ እጀታ ላይ የጠቆረው ላብና በኖታው ዳር «እዚህ ቀስ» ተብሎ የተጫረው ጽሑፍ ሙዚየሙ አጥብቆ የሚፈልጋቸው ናቸው። የታተመ ኖታ ሌላ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ መሪው የጻፈበት ግን አንድ ብቻ ነው።

ዕቃውን ከማውጣታችሁ በፊት ሳጥኑን እንዳለ ከላይ ፎቶ አንሱት። አብረው የታሰሩ ወረቀቶች በአንድ ዝግጅት ላይ የተሠራባቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ ቅደም ተከተላቸው ራሱ ማስረጃ ነው። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጭ አንሶላ ይነጠፍ፤ እስክሪብቶ፣ ቡናና ውሃ ከጠረጴዛው ይራቁ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ስጡ፤ ለምሳሌ 2017.1.12 ማለት በ2017 ዓ.ም. ከመጣው የመጀመሪያው ስብስብ 12ኛው ዕቃ ነው። በወረቀት ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው በ2ቢ እርሳስ፣ በጀርባው የታችኛ ጥግ፣ ሳይጫኑ ነው። በብረትና በእንጨት ላይ ምንም አይጻፍም፤ ቁጥሩን በጥጥ ክር የሚታሰር የወረቀት ምልክት ላይ አድርጉት።

ዘንጉን ስትመረምሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የሥራ ነው ወይስ የሽልማት?» ብላችሁ ነው። የሥራ ዘንግ ቀላል ነው፤ አብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከቀጭን እንጨት ተሠርቶ እጀታው ቡሽ ወይም እንጨት ነው። የሽልማት ዘንግ ደግሞ ከባድ ነው፤ ብር ወይም የዝሆን ጥርስ ይገባበታል፣ ስምና ቀን ይቀረጽበታል፤ ምናልባት አንድም ቀን ሙዚቃ አልተመራበትም። መሪዎች ዘንግ መሰጣጣታቸውም የቆየ ልማድ ነው፤ አቀናባሪዎቹና መሪዎቹ ሜንደልሶንና በርሊዮዝ በ1843 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ላይፕሲክ ከተማ ላይ ዘንግ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ «የእገሌ ዘንግ» የሚለው የቤተሰብ ቃል የሠራበትን ነው ወይስ የተሰጠውን የሚለው ተለይቶ ይመዝገብ። ቡሹን በእርጥብ ጨርቅ አትንኩት፤ የላቡ ምልክት አብሮ ይሄዳል። የተሰበረ ጫፍ በሱፐር ግሉ ከተጣበቀ በኋላ ሳይጎዳ መፍታት አስቸጋሪ ስለሆነ ሁለቱን ስባሪ አንድ ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ዘንጉ ሲቀመጥ በቁመቱ ሙሉ ተደግፎ ይተኛ፤ ዘንበል ብሎ ከቆመ ይጎብጣል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ኖታው ነው። የአገራችን የባንድ ታሪክ የብዙ ሰው እጅ አለበት። ከአድዋ በኋላ ከሩሲያ የነሐስ መሣሪያ መጣ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ልጆች ኬቮርክ ናልባንዲያን በሚባሉ አርመናዊ መሪ ሥር ባንድ ሆኑ፤ የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሱትም እኚሁ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለብዙ ዓመት አሠልጥነዋል፣ መርተዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ላይ አማርኛ፣ የአርመን ፊደልና የጣሊያንኛ የሙዚቃ ቃል ተቀላቅሎ ብታገኙ አይግረማችሁ፤ ማንበብ ባትችሉም እንዳለ ፎቶ አንሡት እንጂ በግምት አትተርጉሙት።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኖታ ጥግ «12/3/48» የሚል ተጽፎ ቢገኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 1948 ነው፤ ማለትም ኅዳር ወር ላይ፣ በፈረንጅ 22 ኖቬምበር 1955። የጻፈው የውጭ አገር ሰው ከሆነ ግን በፈረንጅ 12 ማርች 1948 ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት በላይ አለ። በመዝገቡ መጀመሪያ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አስፍሩ፤ ግምታችሁንና ምክንያቱን በሌላ ዓምድ ጻፉ።

ወረቀት በታጠበና በደረቀ ባዶ እጅ ይነካል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚቀንስ የደከመ ጠርዝ ይቀደዳል። ለብረትና ለፎቶግራፍ ግን የናይትራይል (የሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ያስፈልጋል። የዛገ አግራፍ አይጎተትም፤ ቀጭን ፕላስቲክ ከሥሩ አስገብታችሁ ወረቀቱ እንዳይቧጠጥ እያደረጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሸራቱት። የቢጫ ስኮች (የማጣበቂያ ፕላስተር) ቅሪት ለባለሙያ ይቆይ። አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ይጠረጋል፤ እርሳስ ያለበትን ቦታ ግን እለፉት። ላጲስ በጭራሽ አይነካውም። በሐምራዊ ቀለም የተባዛ ኖታ ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ ውሃ ያፈስሰዋል፤ እሱን መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። ላሚኔት ማድረግም ክልክል ነው፤ በሙቀት የተጣበቀው ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይጎዳ አይለቅም።

ኖታውን በስካነር ስትቀዱ ከ300 እስከ 400 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ)፣ በቲፍ (ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጥ የምስል ፋይል) ፎርማት፣ ጎን ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ ቅዱ። ባዶ የሚመስለውን ጀርባ ጭምር። የየተጫዋቹ ነጠላ ወረቀት ከመሪው ኖታ ያነሰ እየመሰለ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ግን የዝግጅቱን ቀንና ቦታ፣ የተቆረጠውን ክፍል፣ ዜማው የወሰደውን ደቂቃ የሚጽፈው ተጫዋቹ ነው።

የነሐስ መሣሪያን በብራሶ (በብረት ማጽጃ ቅባት) መወልወል ትልቅ ጥፋት ነው። የሚወለውለው ብረቱን ራሱን እየፋቀ ስለሆነ በመሣሪያው አፍ ላይ የተቀረጸው የሠሪው ስም ወይም የክፍሉ ማኅተም በጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ነሐሱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ ዚንኩ እየወጣ ነው፤ እዚያ ላይ ጫና ቀዳዳ ያመጣል። ልንፋው የሚል ከመጣ ከልክሉት፤ የሰው ትንፋሽ እርጥብ ስለሆነ ዝገቱን ከውስጥ ያነቃዋል። የተጣበቀ የአፍ መንፊያ በፒንሳ አይጠመዘዝም፣ ቱቦው ይቀደዳል። የትራምፔት መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በመሐለኛው ቫልቭ ላይ ይገኛል፤ ከሠሪው ስም ጋር መዝግቡት። የመሣሪያው አሮጌ ሣጥን ውስጡ የሱፍ ጨርቅ ካለው ብርን የሚያጠቁር ሰልፈር ስለሚያወጣ መሣሪያውን አውጡት፤ ሣጥኑን ግን የጉዞ ምልክት ሊኖርበት ስለሚችል አትጣሉት።

ሸክላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ተደራርቦ ከተኛ ወይም ካዘመመ ይጎብጣል። አሮጌው ባለ 78 ዙር ሸክላ ሼላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር የተሠራ ስለሆነ አልኮል ያሟሟዋል። ኮምጣጤ የሚሸት የቴፕ ክር ካለ እንዳታጫውቱት፤ ከሌላው ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሁሉም ዕቃ ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበትና ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሙቀት ቢያገኝ ጥሩ ነው። ከ65 በመቶ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይጀምራል፤ በአዲስ አበባ ክረምት ይህ ቅርብ ነገር ነው። ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቀመጥ፤ አነስተኛ የእርጥበት መለኪያም አብሮት ይኑር። ኖታ ለዕይታ ከወጣ ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በቅጂ ይተካ።

ለሙዚየም ሲሰጥ ስጦታ ነው ወይስ አደራ የሚለው በጽሑፍ ይግባ፤ ዝርዝሩ ከነቁጥሩ ይያያዝ፣ ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። ወረቀቱን መስጠት ዜማውን መስጠት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ከዕቃው የተለየ ስለሆነ ሙዚየሙ ማሳየት፣ መቅዳት ወይም ማሳተም ይችል እንደሆነ በየተራ ይጻፍ። ውጭ አገር ያሉ ወራሾች ሳጥኑን ይዘው ከመውጣታቸው በፊት በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ከቅርስ ባለሥልጣኑ ይጠይቁ። የተቀዳው ፋይል ግን ከአንድ በላይ ቦታ ቢቀመጥ ምንም አይከለክልም፤ አንዱ ቤተሰብ ጋር፣ አንዱ ሙዚየሙ ጋር፣ አንዱም በሌላ ከተማ ይሁን።