ለጨርቅ ፈታሾች የእይታ መመዘኛ ሲወጣ

በ1950ዎቹ ከተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀምሮ ጨርቅ በሚመረትባት ባሕር ዳር፣ አንድን ሠራተኛ በፍተሻ ጠረጴዛ ላይ ለመመደብ «ዓይኑ ጤነኛ ነው» የሚል የሕክምና ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ በ6 ሜትር ርቀት ሰሌዳ ያነበበ ሰው በክንድ ርቀት የተበጠሰ ድር ለይቶ ለማየቱ ማረጋገጫ የለምና።

ስለዚህ መመዘኛውን ከጉድለቱ መጀመር ይሻላል። ደንበኛው የማይቀበለው ትንሹ ጉድለት በሚሊ ሜትር ይለካ፤ ፈታሹ ከጨርቁ የሚርቅበት ልክም እንዲሁ ይለካ። 6/6 የሚባለው (በ6 ሜትር ሰሌዳ የሚለካው መደበኛ) እይታ በጥሩ ብርሃን የሚለየው ረቂቅ ዝርዝር በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ1 ሜትር ግን ወደ 0.3 ይደርሳል። ጨርቁ ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ስለሚታይ፣ እኔ ከዚህ ቢያንስ እጥፍ መጠባበቂያ እንዲያዝ እመክራለሁ።

ለመነሻ ያህል፣ ዕቃን ሳይጎዱ ለሚፈትሹ ባለሙያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 9712፣ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር፣ ቢያንስ በአንድ ዓይን፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ርቀት የጄገር 1 ጽሑፍ (በቅርብ እይታ መመርመሪያ ካርድ ላይ ያለ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ) ማንበብን ይጠይቃል፤ ምርመራውም በየዓመቱ ይደገማል። ከ40 ዓመት ግድም ጀምሮ የቅርብ እይታ ስለሚደክም የዓመቱ ጊዜ የበዛ አይደለም። ካርዱ ፎቶ ኮፒ አይሁን፤ የፊደሉ መጠን ይዛባል። የላቲን ፊደል ለማይለምድ ሠራተኛም አቅጣጫው የሚጠቆመው የ«E» ምልክት ይቅረብለት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መነጽሩ ነው። ለመጽሐፍ ንባብ የተሠራ መነጽር 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያጠራል፤ 1 ሜትር ርቆ ለተዘረጋ ጨርቅ ግን ያደበዝዛል። ሠራተኛው ወደ ሐኪም ሲላክ የሥራው ርቀት በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፤ ፈተናውም በዚያው ርቀት፣ በዚያው መነጽር ይደረግ።

ቀለም ለሚያመሳስሉ ብቻ ቀለም የመለየት ችሎታን የሚመረምረው የኢሺሃራ ፈተና ይጨመር፤ የደበዘዘ የፈተና መጽሐፍ ግን ያሳስታል። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ቀዳዳና የተበጠሰ ክር ከመለየት ስለማይታገድ፣ ከሥራ ከማሰናበት ይልቅ ምደባውን መለወጥ ተገቢ ነው። ከመስኮት የሚገባው የጣና ዳር ብርሃንም ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚለዋወጥ፣ ጠረጴዛው 1000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ በሚሰጥ ቋሚ መብራት ይብራ፤ ልኬቱም ከዓይን ምርመራው ውጤት ጋር በአንድ መዝገብ ይያዝ።