ዲኤክሷ በድሪፍት መሐል መዞሯን የተወችበት መንገድ

ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ በባለቤቱ ፈቃድ በምጠቀምበት የታጠረ የኮረት ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን በሚያሽከረክር ቶዮታ ዲኤክስ ድሪፍት (የመኪናን ኋላ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ መታጠፍ) ስለማመድ፣ ኋላዋ መንሸራተት በጀመረ ቁጥር መኪናዋ ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት አድርጋ ትቆም ነበር። የእጅ ፍሬን መሳብም ሆነ ለኋላ ጎማዎች ንፋስ መጨመር አልረዳም፤ ሦስት ቅዳሜዎች በዚሁ አለፉ። ጥፋቱ የቀኝ እግሬ ነበር፦ ኮረቱ ከወለሉ ሥር ሲንጫጫ ደንግጬ ነዳጁን በአንድ ጊዜ ስለምለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና የኋላ ጎማዎች የቀራቸውን መሬት የመያዝ አቅም ያጣሉ። የሠራው ዘዴ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን ሳይለቁ በጥቂቱ መቀነስ፣ ዓይንን ከኮፈኑ አንስቶ መውጫው ላይ መትከል፣ መሪውም ኋላዋ ወደ ሄደበት ጎን በራሱ ሲዞር ሳይጨብጡ በመዳፍ ውስጥ ማሳለፍ ነው። ኋላዋ መመለስ እንደጀመረ መሪውን ወዲያው ማቅናት ያስፈልጋል፤ ከዘገየ ወደ ተቃራኒው ጎን ትወረወራለች።